ሊና ሳይሆን እሌኒ፦ ከግሪክ ተነሥቶ እኛ ቤት የገባ ስም

በአስተርጓሚነት ስሠራ ከእህቶቻችን የሚቀርብልኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ ወይም ስለ ኮንትራት ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት እህት አብረን ወረፋ ስንጠብቅ ድንገት ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ» አለችኝ።

ስሟ እሌኒ ነው። አራት ዓመት በሠራችበት ቤት ግን እሌኒ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ማዳም የመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቷን አይታ ስሙን ለመጥራት ሞከረች፤ ምላሷ ላይ አልገባ ሲላት «ሊና እንልሻለን» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጆቹም፣ ለሾፌሩም፣ ለጎረቤቱም ሊና ሆነች።

«እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም ነበር» አለችኝ። «አንድ ቀን ግን ማማ ከቢራ፣ የባባ እናት፣ እግራቸውን እያሸሁላቸው ‹ያ ሊና፣ እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማነው?› ብለው ጠየቁኝ። እሌኒ አልኳቸው። ‹ትርጉሙስ?› አሉኝ። ዝም አልኩ። የእነሱ ስም ሁሉ ትርጉም አለው፤ የራሴን ግን አላውቀውም።»

ያን ቀን የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ወረፋችን ደርሶ ስለነበር «እሌኒ ማለት ሄለን ነው፤ የግሪክ ስም ነው» ብያት ተነሣን። መልሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያችው አጭር መልስ በኋላ ለሷም ለእኔም ጣጣ አመጣች። ጣጣውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያን ቀን ያላደረስኩትን ሙሉ መልስ ልስጥ።

አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ

እሌኒና ሄለን ለጆሮ ሁለት የተለያዩ ስሞች ይመስላሉ። ምንጫቸው ግን አንድ ነው። የጥንት ግሪኮች ስሙን «ሄሌኔ» ብለው ይጠሩት ነበር። ዘመን እየገፋ ሲሄድ ግሪኮች በቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን የ«ሀ» ድምፅ ከአነጋገራቸው ጣሉት። መጨረሻ ላይ ያለው «ኔ»ም ቀስ በቀስ «ኒ» ሆነ። ዛሬ አቴንስ ውስጥ ይህን ስም የያዘች ሴት «ኤሌኒ» ተብላ ነው የምትጠራው። የእኛን እሌኒ ሰምታ ዞር ማለቷ አይቀርም።

ሮማውያን በበኩላቸው ስሙን የወሰዱት የ«ሀ» ድምፅ ሳይጠፋ ነው። በላቲን «ሄሌና» ሆነ። ከላቲን ወደ ምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ተሻግሮ በእንግሊዝኛ «ሄለን» ተባለ። አገራችን ውስጥ ዛሬ ብዙ ሴቶች የሚጠሩበት ሄለን የመጣው በዚህ በኩል፣ በዘመናዊ ትምህርት፣ በመጽሐፍና በፊልም ነው።

እሌኒ ግን የቆየች ናት። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ይጽፉ ነበር፤ ንጉሥ ዒዛናም ድሉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግዕዙ ጎን ግሪክኛውን አኑሯል። መጻሕፍት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ስሞችም አብረው ገቡ። ጴጥሮስ፣ ጊዮርጊስ፣ ቴዎድሮስ፣ ሶፍያ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ዛሬ ግን የውጭ ስም ናቸው ብሎ የሚያስብ የለም። እሌኒም እንደዚያው ናት።

ስሙ ወደ ሌሎችም አገሮች ሄዷል። ራሽያ ውስጥ የሌና፣ ዩክሬን ውስጥ ኦሌና፣ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ኤሌና፣ ጆርጂያ ውስጥ ኤሌኔ፣ ሃንጋሪ ውስጥ ኢሎና ይባላል። የሊባኖስ፣ የሶርያና የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ ሂላና ይሉታል። ከጎናችሁ ባለው ቤት የምትሠራው ፊሊፒናዊት ኤሌና የምትባል ከሆነች ሞክሼዎች ናችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ትርጉሙ ምንድን ነው?

በጥንቱ ግሪክኛ «ሄሌኔ» የሚል ተራ ቃል አለ። ችቦ ማለት ነው። ይኸው ቃል ከሸንበቆ ለተጎነጎነ ቅርጫትም ያገለግል ነበር። ስለዚህ የስም ትርጉም የሚሰጡ መጻሕፍት በብዛት «ችቦ» ወይም «ብርሃን» ብለው ያስቀምጡታል።

ሌሎች ሊቃውንት ስሙን «ሴሌኔ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ያዛምዱታል፤ ጨረቃ ማለት ነው። ነገር ግን በስፓርታ አካባቢ የተገኙ በጣም የቆዩ ጽሑፎች ስሙን በ«ወ» ድምፅ ጀምረው «ወሌና» ብለው ጽፈውታል። በዚህ ምክንያት የጨረቃው ትርጉም ብዙ ክርክር ይነሣበታል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አንድ ሰው ስለ ስማችሁ ቢጠይቃችሁ ግን «ችቦ፣ ብርሃን» ብትሉ አላፈራችሁም፤ ብዙዎች የተቀበሉት ይህንኑ ነው።

ስሙን የተሸከሙ ሴቶች

በስሙ የመጀመሪያዋ ታዋቂ የስፓርታው ንጉሥ የሜኔላዎስ ሚስት ናት። ሆሜር ባቆየልን ትረካ መሠረት በቁንጅናዋ ወደር አልነበራትም። ፓሪስ የተባለው የትሮይ ልዑል ወሰዳት፤ እሷን ለማስመለስ ግሪኮች ትሮይን አሥር ዓመት ወጉ። ይህ የሆሜር መጽሐፍ፣ ኢልያድ፣ በአረብኛም ይነበባል። ሱለይማን አል ቡስታኒ የተባሉ የሊባኖስ ሊቅ በግጥም ወደ አረብኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1904 ካይሮ ላይ አሳትመውታል። ስለዚህ የተማሩ አረቦች ይህን ስም ያውቁታል፤ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ሁለተኛዋ የዚሁ የመካከለኛው ምሥራቅ ሴት ናት። ዛሬ ሰሜን ኢራቅ ውስጥ በኤርቢል አካባቢ አዲያቤኔ የሚባል መንግሥት ነበር። ንግሥቲቱ ሄሌና ትባል ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሩሳሌም በረሃብ ስትመታ ሰዎቿን ልካ ከግብፅ እህል፣ ከቆጵሮስ የደረቀ በለስ አስገዝታ ለሕዝቡ ማደሏን ዮሴፍ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል።

ሦስተኛዋ ግን ለእኛ ከሁሉም ቅርብ ናት። የንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እናት፣ እኛ ንግሥት እሌኒ የምንላት ናት። ሁላችንም ዘውድ ደፍታ በሥዕል እናውቃታለን። ከዘውዱ በፊት የነበረውን ሕይወቷን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

እሌኒ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። የትውልድ ቦታዋ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው ድሬፓኑም እንደሆነች ይነገራል፤ ልጇ በኋላ ከተማዋን በእናቱ ስም ሄሌኖፖሊስ፣ «የእሌኒ ከተማ» ብሎ ሰይሟታል። ከባለጠጋ ቤት አልተወለደችም። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስ እ.ኤ.አ. በ395 ባደረጉት ንግግር መንገደኞችና ከብቶቻቸው የሚያርፉበት ቤት አገልጋይ እንደነበረች ተናግረዋል። ጳጳሱ ይህን የተናገሩት ሊያዋርዷት አልነበረም፤ ለክብሯ ብለው ነው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው፣ እሌኒ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች።

እዚያ ሳለች ቆስጠንስ የተባለውን የሮማ መኮንን አገኘች፤ ልጅ ወለደችለት። ሰውየው ሹመቱ ከፍ ሲል ከገዢው ቤት የተወለደች ሴት ለማግባት ብሎ እሌኒን ተዋት። ልጇ ቆስጠንጢኖስ ግን እ.ኤ.አ. በ306 ሲነግሥ እናቱን አልረሳም። አውግስታ የሚለውን ትልቁን የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሰጣት፤ መልኳም በሮማ ገንዘብ ላይ ታተመ።

ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. ከ326 ገደማ በኋላ፣ ወደ ፍልስጤም ምድር ተጓዘች። በዘመኑ የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ስለ ጉዞዋ ጽፏል። በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት አብያተ ክርስቲያናት እንዲሠሩ አድርጋለች። ለድሆች ገንዘብና ልብስ ሰጥታለች፤ ሰዎችን ከእስር ቤት አስፈትታለች፤ በማዕድን ጉድጓድ በግዳጅ ይሠሩ የነበሩትን ነፃ አውጥታለች፤ የተሰደዱትን ወደ አገራቸው መልሳለች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው፣ የሰው ቤት አገልግላ ያደገች ሴት ሥልጣን ስታገኝ ማንን እንዳስታወሰች ነው።

ከችቦ ወደ ደመራ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ይህችው እሌኒ የመስቀል በዓል ባለቤት ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት የተቀበረውን መስቀል ስትፈልግ ቦታውን የጠቆማት ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ ነው። እንጨት አስደምራ ዕጣን ጨምራበት በእሳት ስታያይዘው ጢሱ ቦታውን አመለከታት፤ ከመስከረም 17 ጀምሮ ተቆፍሮ መጋቢት 10 መስቀሉ ወጣ። የዓመቱ ደመራ መታሰቢያነቱ ለዚህ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

አሁን የስሙን ትርጉም አስታውሱ። ችቦ ነበር። የመስከረም 16 ማታ ልጆች ሆነን ይዘነው እየሮጥን የወጣነው ያ የታሰረ ጭራሮ ነው። ስሙ ከበዓሉ አልወጣም፤ በዓሉም ከስሙ አልተወለደም። ሁለቱ ግን በእኛ አገር ተገናኝተዋል።

የራሳችን እሌኒም ነበረችን። እቴጌ እሌኒ የሐዲያ ገዢ የነበረ የሙስሊም ባላባት ልጅ ናት። ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገባችው በጋብቻ ነው፤ ታሪክ የሚያውቃትም እሌኒ በሚለው ስም ነው። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እስከ አፄ ልብነ ድንግል ድረስ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቦታ ነበራት። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሪቱን በእንደራሴነት የመራችው እሷ ናት። ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደረሰ። የመልሱ መልእክተኞች ምጽዋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ከሙስሊም ቤት ወጥታ ክርስቲያን ቤተ መንግሥት የገባች፣ ከተወለደችበት ርቃ በሰው አገር የኖረች ሴት ናት። በማታውቀው ቤት ገብታ፣ የቤቱን ሥርዓት ተምራ፣ በመጨረሻ ቤቱን የመራች።

የእኔ ስህተት

አሁን ወደዚያ ወረፋ ልመለስ። እህታችን አብራኝ የተቀመጠችው ያልተከፈላት የሁለት ወር ደሞዝ ስለነበራት ነው። የአረብኛውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሟን ስጽፍ እጄ በአረብኛ የተለመደውን «ሂሊን» ጻፈ። እሌኒና ሄለን አንድ ስም መሆናቸውን ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁና ስህተት የሠራሁ አልመሰለኝም። እንዲያውም ለአንባቢው ያቀለልኩለት መስሎኝ ነበር።

አሠሪዋ ሊከፍል ተስማማ። ክፍያው ግን በማመልከቻው ላይ ባለው ስም፣ በሂሊን ወጣ። ኢቃማዋ ላይ ያለው ስም «ኢሊኒ» ነው። ባንክ ስትሄድ «ይህች ሌላ ሰው ናት» ተባለች። ማስተካከያው ሦስት ሳምንት ወሰደ። የአውሮፕላን ትኬቷ ቀን አለፈ። ስትደውልልኝ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እህቴ፣ አንድ ስም ነው ብለሽኝ አልነበር?»

አንድ ስም ነበር። ነገር ግን ሰው ስሙን የሚለይበት መንገድና ኮምፒዩተር የሚለይበት መንገድ አንድ አይደለም። እኔ ስሟን ተረጎምኩት፤ ስም ግን አይተረጎምም። እንደ ተጻፈ፣ ፊደል በፊደል ነው የሚገለበጠው። ማዳም ሊና ያለቻት ለምላሷ እንዲመች ነው፤ እኔ ሂሊን ያልኳት ለእውቀቴ እንዲመች ነው። ሁለታችንም እሷን አልጠየቅናትም።

ስለዚህ እሌኒም ብትሆኑ፣ ሄለንም፣ ሶፍያም፣ ዘይነብም፣ ከእኔ ስህተት የሚከተለውን ያዙ።

አንደኛ፣ መነሻው ፓስፖርት ነው። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ በቃላችሁ ያዙት። ሄለን በኤች ይጀምራል፤ እሌኒ በኢ። ኤል አንድ ነው ወይስ ሁለት? ይህችን አንዲት ፊደል ማወቅ ብዙ ምልልስ ታስቀራለች። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ለምታምኑት ሰውም ላኩ።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ ሄለን፣ ሔለን፣ ኄለን ብለን ብንጽፍ ድምፁ አንድ ነው። በአረብኛ ግን ሦስቱ «ሀ»ዎች ሦስት የተለያዩ ፊደሎች፣ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ስማችሁን ለጸሐፊ በቃል ብቻ አትንገሩ። ኢቃማውን ወይም መታወቂያውን አሳዩና «ልክ እንደዚህ ጻፍልኝ» በሉ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ስትልኩ የተቀባዩ ስም አገር ቤት ባለው መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። እናታችሁ በሰፈር እሌኒ ተብለው በመታወቂያ ሄለን ከሆኑ የምትጽፉት የመታወቂያውን ነው። የክርስትና ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ «እማዬ» የሚሉት ሁሉ ለስልክ ይቆዩ።

አራተኛ፣ የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም እንዳይገባ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩት።

አምስተኛ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከገንዘቡ ቁጥር ቀድማችሁ ስማችሁን ፈልጉ። አረብኛ ማንበብ ባትችሉ የስማችሁን ቅርጽ ከኢቃማችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ካልተመሳሰለ አትፈርሙ፤ እንዲታረም ጠይቁ። አስተርጓሚም ይሳሳታል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ቤት ውስጥስ?

ሊና ክፉ ስም አይደለም። በአረብኛ ለስላሳነትን ያመለክታል፤ ለዘንባባ ዛፍም የሚውል ቃል ነው። አንዳንዶቻችሁ በቤት ውስጥ የተሰጣችሁን ስም ወዳችሁታል፤ ልጆቹ በፍቅር የሚጠሩበት ስለሆነ አገር ቤት ገብታችሁም ትናፍቁታላችሁ። ያ የእናንተ ምርጫ ነው። ያልወደዳችሁት ከሆነ ግን ያለ ጠብ፣ በፈገግታ መናገር ይቻላል፦ «ኢስሚ እሌኒ፣ ሙ ሊና።» ስሜ እሌኒ ነው፣ ሊና አይደለም ማለት ነው።

«ሽኑ ማዕና ኢስሚች?»፣ ስምሽ ምን ማለት ነው? ብለው ቢጠይቋችሁ ደግሞ «ኢስም ዩናኒ ቀዲም» በሉ፤ ጥንታዊ የግሪክ ስም ማለት ነው። ከዚያ «ማዕናሁ ሚሽዓል» ብላችሁ ጨምሩ። ሚሽዓል በአረብኛ ችቦ ማለት ነው። በዚህ አካባቢ ለወንድ ልጅ የሚወጣ የተከበረ ስም ስለሆነ ወዲያው ይገባቸዋል።

እህታችን ገንዘቧን ተቀብላ አዲስ ትኬት ከተቆረጠላት በኋላ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ነበር። መሄጃዋ ሲቃረብ ማማ ከቢራን ቡና ስታጠጣቸው የስሟን ትርጉም ነገረቻቸው። ለካ የልጅ ልጃቸው፣ እሷ ራሷ ከጡጦ ጀምራ ያሳደገችው ልጅ፣ ስሙ ሚሽዓል ነው። እማማ ሳቁና ልጁን ጠርተው፣ «ና፣ ይህች እኮ ሞክሼህ ናት» አሉት።

ማዳም እስከ መጨረሻው ቀን ሊና ማለቷን አልተወችም። ማማ ከቢራ ግን በር ላይ ሲሸኟት ጎተት አድርገው፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «ኢሊኒ» አሏት።

እናንተስ፣ ስማችሁን ማን አወጣላችሁ? በሚቀጥለው አገር ቤት ስትደውሉ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቋቸው። ለምን እንዳወጡላችሁ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።